በባዶ እግር የሚገባበት ቤት

በመቀመጫም በማዕረግም የስብሰባው የመጨረሻ ሰው እኔ ነበርኩ። ከመብራት መሥሪያ ቤት የመጡ መሐንዲሶች አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ዶክተሮች አሉ፣ ኬብል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የላኳቸው ሰዎችና የሥራ ተቋራጮች አሉ። ከሁሉም ወዲያ በሩ ሥር እኔ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የማስተምር ሴት። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በማለዳ ሚኒባስ ይዤ፣ ጫጫ ላይ ሻይ ቀምሼ አዲስ አበባ እገባለሁ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥም እግሬ ገና ከደብረ ብርሃን ብርድ አልተላቀቀም።

ሰው የአገር ደረጃ ሲባል ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስለዋል። እኔም እስካየው ድረስ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃና ስለ አንድ ቃል ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቁ ሰዎች ነው። ከውጭ የተዘጋጀ ሰነድ ይቀርባል፤ መስመር በመስመር ይነበባል፤ ይህ ለእኛ ይሆናል ያ አይሆንም እየተባለ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። ከዚያ ለሕዝብ አስተያየት ይወጣና ተመልሶ መጥቶ ድምፅ ይሰጥበታል። ከጸደቀ በኋላ ሽቦ የሚዘረጋውም፣ ሥራውን የሚቆጣጠረውም በዚያ ይታሰራል። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ብዙ ቀን እንቅልፌን እየታገልኩ ነው የዋልኩት።

አንድ ቀን ግን እንቅልፌ ጠፋ። የሚነበበው ክፍል ቦታዎችን ደረቅ፣ ርጥበት ያለውና እርጥብ እያለ የሚከፋፍለው ነበር። በእርጥብ ቦታ ላይ ጥበቃው ጠበቅ ይላል፤ ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛ ሽቦ ብቻውን አይበቃም፣ ኤሌክትሪክ በሰው በኩል መሹለክ ሲጀምር በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከርም ግዴታ ነው፣ ከሥራው በኋላም ተለክቶ መፈረም አለበት። በደረቅ ቦታ ላላ ይላል። አንባቢው ዝርዝሩን ሲያወርድ ወርዶ ወርዶ፣ «የሃይማኖት ቤቶች፣ እንደ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ደረቅ» አለና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።

«እንዴ! ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። እጅ ማውጣቱንም ረሳሁት። «ይህን የጻፉት ሰዎች ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የሚጸልዩት። እኛ እኮ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው!»

ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢውም ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ክረምት ሙሉ ጉም ሲገባበት የሚውል የድንጋይ ወለል፣ በላዩ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው፣ በእጁ ብረት የሆነ ማይክ፤ ይሄ ነው ወይ ደረቅ ቦታ? ከጎኔ የተቀመጠው መሐንዲስ ሙስሊም ነበርና እሱ ደገፈኝ። «ትክክል ነች» አለ፤ «መስጊድም እንደዚያው ነው። ውዱእ አድርገን እግራችን ውሃ እያንጠባጠበ ነው የምንገባው።» ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህርት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን የአገር ልዩ ሁኔታ ብለን ሰነድ ውስጥ ለማስገባት ወሬ አይበቃም። የደረሰ አደጋ፣ ምክንያቱ በባለሙያ የተጻፈ፣ አደጋው የደረሰበት ቦታ አምኖበት ማህተሙን ያሳረፈበት ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ልመልሰው በወደድኩ። የማውቀው አንድ አደጋ ነበር። ምክንያቱንም ከእኔ በቀር በምድር ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱ እኔ ነበርኩና።

ከዚህ ቀደም ለማንም ያልነገርኩትን እንዳለ ልናገር። አባቴ አንኮበር ውስጥ የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። እኔ በተመረቅኩ ዓመት መብራት ወደዚያ መንደር ደረሰ። አባባ በልጃቸው ያላቸውን ኩራት የሚገልጡበት አገኙ፤ «ሽቦውን የምትዘረጋው የእኔ ልጅ ናት» ብለው ለደብሩ ሁሉ ተናገሩ። የድምፅ ማጉያ ተገዛ፣ ማይክ ተገዛ። ለዓመታዊው ንግሥ እንዲደርስ ተባለ፤ ንግሡ ቀርቦ ነበር።

ሴት መቅደስ አትገባም። ማጉያው የሚቀመጠው ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ስለዚህ የውስጡን ሥራ የሠራልኝ አንድ ዲያቆን ነው፤ እኩያዬ፣ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ አዝዛለሁ፣ እሱ ከወዲያ በካቻቢቴ ያስራል። «ቀይዋን ወደ ቀኝ፤ ሰማያዊዋን ወደ ግራ።» ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ይቺ አረንጓዴዋስ?» አለኝ።

አረንጓዴዋ ወደ መሬት የምትወርደው ናት። ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቢበላሽና ብረቱ ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ሳይሆን በእሷ በኩል እንዲወርድ የምታደርግ ሽቦ ናት። ጫፏ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ረጅም የብረት ዘንግ ጋር መታሰር አለበት። ዘንጉን ይዤ መጥቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ከለከሉኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው መሬት መቃብር ነው፤ አባት እናታቸው የተኙበት። «በአጽም መካከል ብረት አይመታም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከቅጥሩ ውጭ ግን መሬት ሞልቶ ነበር። ሽቦውን በግንቡ አሻግሮ እዚያ መቅበር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ደክሞኛል፣ ንግሡ ደርሷል፣ ዘንጉ ባይኖርም መብራቱ ይበራል፣ ማጉያውም ይጮኻል።

«እጠፋትና ተዋት» አልኩት። አጠፋት።

የንግሡ ዕለት ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ተሰማ። እልል ተባለ፣ ተመረቅኩ። የአባባ ፊት ያን ቀን እንደበራ በርቶ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ማይኩ አንዳንዴ ይነዝራል» የሚል ወሬ ደብረ ብርሃን ድረስ መጣልኝ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን በስልክ፣ «በጨርቅ ጠቅልሉት» አልኩ። ወይ እኔ! ለተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ የማስተምረው ስህተት ነው እኮ። በጨርቅ ጠቅልለው ሦስት ዓመት ያዙት።

በሦስተኛው ክረምት፣ በአንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ጣሪያው አፍስሶ ውሃ ማጉያው ላይ ወረደ። ማንም አላየም። ዲያቆኑ ምንባቡን ሊያነብ ማይኩን አነሳ፤ ጨርቁም ርሶ ነበር። አንድ መስመር አነበበ፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ፣ እጁ ማይኩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ሽማግሌ በመቋሚያቸው እጁን መትተው ማይኩን ባያስጥሉት ኖሮ አይተርፍም ነበር። ወደ ኋላው ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ።

መሞት ብቻ አይደለም ሰውን የሚያጠፋው። ዲያቆኑ ያን ዓመት ሊያገባና ሊቀስስ ነበር። በማግስቱ መንደሩ ውስጥ አንድ ነገር ሹክ ተባለ፤ «ሳይነጻ ገብቶ ታቦቱ ቀሰፈው።» ሳምንት ሳይሞላ ሹክሹክታው ወሬ ሆነ፣ ወሬው እውነት ሆነ። የእጮኛው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት። ክህነቱም ቀረ። እሱም አልተከራከረም፤ አንድ ቀን ጓዙን ይዞ ከአገሩ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ? አባባ ደውለውልኝ በሦስተኛው ቀን አንኮበር ነበርኩ። ማጉያውን በዲያቆናት አስወጥቼ ፈታሁት። ምን እንደሆነ ለማወቅ የፈጀብኝ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ነው። ለሰዉ ግን «ማሽኑ አርጅቷል» አልኩ። ከዚያ ሦስት ዓመት የሰነፍኩትን ሥራ በግማሽ ቀን ሠራሁት፤ አረንጓዴዋን አስዘርግቼ በግንቡ አሻገርኩና ዘንጉን ከቅጥሩ ውጭ ቀበርኩ። ምንድን ነው ሲሉኝ «ለመብረቅ ነው» አልኩ። አመሰገኑኝ። አዎ፣ አመሰገኑኝ! እኔም ምስጋናዬን ተቀብዬ፣ ስለ ዲያቆኑ የሚወራውን እየሰማሁ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እሱ ደብረ ብርሃን መጥቶ በአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኗል። ከተማዋ እንደሆነ ሰፊ አይደለችም፤ አየዋለሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ግንቡን ተደግፎ ያስቀድሳል። ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ ቀን አላየሁትም። እኔ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር፤ አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳልደርስ ወርጃለሁ። ለዚህ ነው በዚያ ስብሰባ ላይ «አውቃለሁ» ካልኩ በኋላ ቃሌን ልመልሰው የወደድኩት። ሪፖርቱን ካልጻፍኩ መስመሩ ባለበት ያልፋል፤ ስንት ማይክ፣ ስንት ባዶ እግር። ብጽፈው ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። ደብሩ ማህተም እንዲያደርግበትም ደብሩ መስማት አለበት።

አስቀድሜ ለአባባ ነገርኳቸው። አንኮበር ወጥቼ ደጃቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ከአረንጓዴዋ ሽቦ ጀምሬ እስከ መብረቁ ውሸትና ማህተም እስከሚፈልገው ሪፖርት ድረስ አወረድኩላቸው። አላቋረጡኝም።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«አፍሬ ነው አባባ። የእርስዎን ፊት ፈርቼ።»

«የእኔን ፊት!» አሉ፤ እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «የእኔ ፊት አንድ ስንዝር ቆዳ ነው። የዚያ ልጅ ፊትስ?» አባባ የንስሐ አባቱ ነበሩ። ያን ጊዜ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፣ አይነግሩኝምም፤ ግን ሲያለቅሱ አየሁ። ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰበካ ጉባኤውም ለሕዝቡም ታነቢዋለሽ» አሉ። «ከዚያ በፊት ግን እሱ ይስማ። ከሕዝብ ጋር እኩል እንዳይሰማ።»

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ወደ መጋዘኑ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ምንም ቂም የሌለው ሰው እንደሚነሳ። «የቄሱ ልጅ! እንደምን ሰነበትሽ?» አለኝ። ያ ሰላምታ ገደለኝ። ካፖርቱን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አነጠፈልኝና ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ማይኩ የያዘህ በእኔ ጥፋት ነው» አልኩት፤ እንዲሁ በደረቁ። ከዚያ አስረዳሁት። ውሃውን፣ ማጉያውን፣ ብረቱን፣ በባዶ እግር እርጥብ ድንጋይ ላይ መቆም ምን እንደሚያደርግ። እሑድ አንኮበር በሕዝቡ ፊት ይህንኑ እንደምናገርም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ያቺ አረንጓዴዋ ናት? እጠፋት ያልሽኝ?»

«እሷ ናት።»

የታጠፉ ጣቶቹን በግራ እጁ ያዘ። «ያን ዕለት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ውሃ አፌ ገብቶ ነበር» አለኝ። «ጾሜን አፍርሼ ይሆን፣ አላፈረስኩ ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ተጠራጥሬ ገባሁ። ሰው ሳይነጻ ገባ ሲል እኔም አመንኩ። ሰዎቹ በሌላ ነገር ነበር የሚያሙኝ፤ እኔ ግን በዚያች ውሃ ነው ያመንኩት።»

«ውሃዋ አይደለችም» አልኩት። «ወንድሜ፣ ስማኝ፤ ጻድቅ ቢይዘውም ይጥለው ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በሙያዬ እምልልሃለሁ።»

ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋው። ካፖርቱ ከእኔ ሥር ቀረ። ጥቂት ጠብቄ ካፖርቱን አጣጥፌ በሩ ላይ ትቼለት ሄድኩ። ለእሑድ ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ከመናገሬ በፊት የሰነዱን ነገር ልጨርስ፤ ብዙ የሚባል የለውም። ሪፖርቱ ቀረበ፤ እኔው አነበብኩት። አንድ ተቋራጭ ወጪው ይበዛል ብሎ ተቃወመ፤ ሰብሳቢው፣ «መምህርት የራሳቸውን ስም ጽፈው ነው ያቀረቡት» አሉት፤ ተቃውሞውን ተወ። አሁን ለአስተያየት በወጣው ረቂቅ ላይ አንዲት መስመር አለች። በባዶ እግር የሚገባባቸው ሕንጻዎች እንደ እርጥብ ቦታ ይቆጠራሉ ትላለች። ለምን እንደተጻፈች አትገልጥም፤ ደረጃ ምክንያቱን አይተርክም። እንዲጸድቅ እየጠበቅሁ ነው።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከወዲህ። ጉሙ ገና ከገደሉ እየወጣ ነበር። አባባ ቆመው፣ «ልጄ የምትለው አላት። እስከ መጨረሻው ስሟት» ብለው አጠገቤ ቆሙ። ወረቀቱን ስዘረጋ ቀና አልኩ። ዲያቆኑ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ካፖርቱን ደርቧል።

አነበብኩ። ሙያዊው ቃል ሲከብዳቸው እያቆምኩ በተራ አነጋገር ነገርኳቸው። «ዲያቆኑን የጣለው ታቦት አይደለም፤ እኔ እጠፋት ያልኳት ሽቦ ናት። የተባለበት ሁሉ ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።» ይህን ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው፣ «አንቺ ልጅ፣ መሬቱን የከለከልን እኮ እኛ ነን» አሉ። ሊያቀሉልኝ ነው። «ከግንቡ ውጭ መሬት ነበር አባቴ» አልኳቸው፤ «ሰንፌ ነው።» አንዲት እናት ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «እኔ ነኝ ወሬውን ከቤት ቤት ያዞርኩት። በገዛ አፌ!» አሉ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያላወራ አልነበረምና። ማህተሙ ከመዝገብ ቤት መጣና ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ሰው ሲበተን ዲያቆኑ ወደ እኔ መጣ። ሽማግሌዎች መንገድ ለቀቁለት፣ አንዳንዶቹ ትከሻውን ሊስሙት ሞከሩ፤ ቀስ ብሎ አለፋቸው። ፊት ለፊቴ ቆመ። አባባም አጠገቤ ነበሩ፤ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«አባትሽ ያን ጊዜ የሰጡኝ ንስሐ የአርባ ቀን ስግደት ነበር» አለኝ። «እኔ ግን አልበቃ አለኝ። በደሌ አልታወቅ ስላለኝ ማቆሚያው ጠፋኝ። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ሰግጃለሁ፤ ስታመምም ሰግጃለሁ።» እየተቆጣ አልነበረም፤ የሚያሰላስል ሰው ድምፅ ነበር። «ያ ሁሉ ስግደት እንግዲህ ላንቺ ጥፋት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ይቅር በለኝ» ማለት እንኳ አልቻልኩም።

«እንግዲያው አንቺ አትስገጂ» አለ። «ተሰግዶልሻል።»

ይህን ብሎ ካፖርቱን አስተካከለና ቁልቁል ወደ መኪናው መንገድ ወረደ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አልገባም።